በ4,000 ብር ለ5 ሰው የእንቁጣጣሽ ስጦታ፣ የቀረው ግማሽ ቀን ብቻ ነው

የጠባሴ ልጅ (ጠያቂ)
ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ማክሰኞ ጳጉሜን 5 ቀን ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ በዓሉን ደብረ ብርሃን ከወላጆቼ ጋር ለመዋል አስቤአለሁ። የበጀት ዓመቱ ሥራ ፋታ ስላልሰጠን እስከ ዛሬ አንድም ነገር አልገዛሁም፤ ለገበያ የቀረኝም ነገ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። የመሳፈሪያዬን ለብቻው ካስቀመጥኩ በኋላ ለስጦታ መመደብ የቻልኩት 4,000 ብር ነው። በደመወዝ የሚተዳደር ሁሉ እንደሚያውቀው የነሐሴ ደመወዝ ጳጉሜንን ተሸክሞ እስከ መስከረም 30 መድረስ አለበት፤ ጳጉሜን የራሷ ደመወዝ የላትም። በዚህ ላይ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የደንብ ልብስና ደብተር አለ፤ መስከረም 17 ደግሞ መስቀል ይመጣል። ስለዚህ ከዚህ ገንዘብ በላይ ለማውጣት መበደር ሊኖርብኝ ነው፤ ያንን ደግሞ አልፈልግም።

ስጦታው የሚደርሳቸው ሰዎች አምስት ናቸው፤ እናቴ፣ ጡረታ የወጣው መምህር አባቴ፣ አብራቸው የምትኖረው አያቴ፣ እንዲሁም የእህቴ ሁለት ልጆች፤ ትልቁ የዘጠኝ፣ ትንሿ የስድስት ዓመት ልጅ ናቸው። መጀመሪያ ያሰብኩት ለእናቴ ነጠላ፣ ለአባቴ ጋቢ፣ ለልጆቹ አዲስ ልብስ፣ ለቤቱ ደግሞ ዶሮና አምስት ሊትር ዘይት ነበር። ይሁን እንጂ የጋቢውን ዋጋ ስጠይቅ አንዱ ብቻ አብዛኛውን ገንዘብ ሊወስድብኝ ሆነ። ድሮ የምገዛባቸው የፒያሳ ሱቆችም ዘንድሮ ስለፈረሱ ወዴት መሄድ እንዳለብኝ በትክክል አላውቅም። በዚህ ገንዘብና በዚህ ጊዜ ምን ቢገዛ፣ ከየትስ ቢገዛ ይሻላል ትላላችሁ?

የመርካቶ ሰው

ወንድሜ፣ እንኳን አደረሰዎ። ዝርዝርዎን ስመለከት ችግሩ የገንዘቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን የተመረጡት ዕቃዎችም ጭምር ሆኖ ታይቶኛል። ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ የልጆች ልብስም ሆነ ዘይት፣ ዋጋው ከሳምንት ሳምንት እየተለዋወጠ ነው፤ ነጋዴውም ነገ በስንት እንደሚተካው ስለማያውቅ በጭንቀት ነው የሚሸጠው። በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ከእነዚህ ዕቃዎች መራቅ አለበት። የዘይቱ ነገር የግድ ከሆነብዎ በሰፈርዎ ያለውን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ይሞክሩ፤ ነገር ግን ሰልፉ ያለዎትን ግማሽ ቀን በሙሉ ሊበላው እንደሚችል አስቀድመው ይወቁት።

ሁለተኛው ነገር የሚሄዱበት አገር ነው። ደብረ ብርሃን በግ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤና አረቄ ከየገጠሩ የሚገባባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ዶሮ አንጠልጥሎ 130 ኪሎ ሜትር መጓዝ ገንዘብም ድካምም ማባከን ነው፤ ብርድ ልብስ ጭኖ ከመሄድ እምብዛም አይለይም፤ የብርድ ልብሱ ፋብሪካ ያለው እዚያው ነውና። ከዚህም ሌላ ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ረቡዕ እንደሚውል አይርሱ። ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውሉ ይበላል እንጂ እንቁጣጣሽ ፆሙን አያስፈታም፤ ስለዚህ ፆም በሚጾም ቤት የበዓሉ ዕለት ማዕድ የፆም ነው፤ ዶሮው የሚወጠወጠው ለሐሙስ ነው። ረቡዕ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይቋረጥ የሚቀርበው ቡና ብቻ ነው።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከገንዘቡ ሲሶውን ያህል ለጥሬ ቡና አውለው ነበር። ቡና በደብረ ብርሃን ደጋ አይበቅልም፤ ለበዓል እንግዳ በሚመላለስበት ቤት ግን በብዛት ይጠጣል፤ እናትዎ ባይመጣላቸው ኖሮ ከኪሳቸው አውጥተው የሚገዙት ነገር ነው። የተቆላ ወይም የተፈጨ እንዳይገዙ፤ ከምን ጋር እንደተቆላ አይታወቅም፤ ጥሬው ግን ዓይን የሚያየው ነገር ነው። ሻጩ ከጆንያው አፍ ላይ ሲዘግን እጅዎን ወደ ሥር አስገብተው ያውጡና በመዳፍዎ ላይ ዘርግተው ይመልከቱት። የጠቆረና በነቀዝ የተበሳ ፍሬ ከበዛበት፣ ወይም አሽትተውት የሻገተ እህል የሚሸት ከሆነ ቀጣዩን ሱቅ ይመልከቱ። መርካቶ ውስጥ ጥሬ ቡና የሚሸጡ ሱቆች ተጎራብተው ስለሚገኙ ለማወዳደር አይቸገሩም። ከተረፈዎ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ጥቂት በጥቂት ያስመዝኑ። የተፈጨ በርበሬ፣ ቅቤና ማር ግን በበዓል ዋዜማ ከማያውቁት ሻጭ አይግዙ፤ በርበሬው ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤው ውስጥ የአትክልት ስብ፣ ማሩ ውስጥ ስኳር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚለውን ዜና በየዓመቱ የምንሰማው በዚሁ ሰሞን ነው።

ሸማ ወዳጅ

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው፤ ነጠላውን ግን ከዝርዝሩ እንዳያወጡት አደራ እላለሁ። ለእናት የሚሆን ነጠላ በዚህ ገንዘብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ቁም ነገሩ ለምን እንደሚከፍሉ ማወቅ ነው። የነጠላን ዋጋ የሚወስኑት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ማጉ፣ ማለትም በአግድም የሚሸመነው ክር፣ የእጅ ፈትል መሆኑ ወይም አለመሆኑ ሲሆን ሌላው የጥለቱ ስፋትና የሥራው ርቀት ነው። በእጅ የተፈተለ ሰፊ ጥለት ያለው ነጠላ የእርስዎን ገንዘብ አይመለከትም። በፋብሪካ ክር የተሠራ፣ ጥለቱ ሁለት ጣት የማይሞላ፣ ቀለሙ አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሆነ ነጠላ ግን ዋጋው ብዙ ይቀንሳል፤ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ቤት ደግሞ እናቶች አዘውትረው የሚለብሱት እንዲህ ያለውን ነው። ሰፊ ጥለት ያለውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው በዓመት ሁለት ጊዜ ያወጡታል።

ወደ ሽሮ ሜዳ ይሂዱ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ከአሜሪካ ኤምባሲ አለፍ ብለው ያገኙታል። ሱቆቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ሲሆን ከኋላቸው ባሉት መንደሮች ከጋሞ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች ለረጅም ዘመን ይኖራሉ፤ ይሸምናሉም። ዋናው መንገድ ፊት ለፊት ያሉት ትልልቅ ሱቆች ለሙሽራና ከውጭ ለመጣ እንግዳ የተዘጋጁ ስለሆኑ ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። ወደ ውስጥ በሚያስገቡት ጠባብ መተላለፊያዎች ገብተው ነጠላ ብቻ የሚሸጡትን ይጠይቁ።

ሲገዙ ነጠላውን ሙሉ በሙሉ ያስዘርጉት። የሸማኔ ዕቃ ጠባብ በመሆኑ ነጠላው ከሁለት ቁራጭ ተሰፍቶ የተገናኘ ነው፤ መኻል ላይ ያለውን ስፌት ተከትለው ወደ ጥለቱ ሲደርሱ የግራው ጥለትና የቀኙ ጥለት መሥመር ለመሥመር ተገጣጥመው መገኘት አለባቸው። አንደኛው ከሌላኛው ዝቅ ካለ ችኮላ ውስጥ የተሰፋ የዋዜማ ሥራ ነው፤ ወይ ሌላ እንዲያመጡልዎ ይጠይቁ ወይም ይህንኑ አሳይተው ዋጋ ያስቀንሱ። ጥጥ ነው ተብሎ ከተነገረዎ ደግሞ ከዘርፉ ላይ አንድ ክር ለምነው በክብሪት ያቃጥሉት፤ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀልጦ ጫፉ ላይ ጠጣር ጉልላት ይሠራል። ሻጭ በዚህ አይቀየምም፤ የሚቀየም ከሆነ መልሱን አግኝተዋል ማለት ነው።

የአባትዎን ጋቢ ለዘንድሮ ይተዉት። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ የሚፈጀው ክር ብዙ ነው፤ ርካሽ ጋቢ የሚባል ነገር የለም፤ ርካሹ ሳሳ ብሎ የተሠራ ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ሳሳ ያለ ጋቢ አያዋጣውም። ከበዓል በኋላ ገበያው ሲረጋጋ፣ ለገና ቢያስቡበት ይሻላል።

ሒሳብ ያዥ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ መንገላታት ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም። ገንዘቡን በሁለት ከፍሎ ለእናትና ለአባት በቴሌብር ማስተላለፍ ይቻላል። እነርሱ የቤታቸውን ጉድለት ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ፤ በዋዜማ ገበያ ውስጥ የሚጠፋው የትራንስፖርት ወጪና በችኮላ የሚከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ቢደመር ከስጦታው ላይ ቀላል የማይባል ገንዘብ ይወስዳል። ወጪውን ለመቆጣጠር ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

የሰባት ልጆች እናት

ልጄ፣ የሒሳብ ያዡን ምክር አትስማ ባልልም ለአንተ የሚሆን አይመስለኝም። ገንዘብ በስልክ የሚላከው መምጣት ላልቻለ ልጅ ነው፤ ያንንም ስንቀበል እንመርቃለን፤ ደስ ይለናል። በእግሩ የመጣ ልጅ ግን ባዶ እጁን በር ሲገባ ጎረቤት ያያል፤ እናትህ ባትናገርም ልቧ ይሰማዋል። ደግሞም እውነቱን ልንገርህ፣ ለእኛ የተላከ ገንዘብ ለእኛ አይውልም። በዚያው ሰዓት የመብራት ይከፈልበታል፣ የዕድር ይወጣበታል፣ ለተቸገረ ዘመድም ይካፈላል። ነጠላው ግን የእናትህ ሆኖ ይቀራል። ቡናውም ቢሆን ሲፈላ “ይህንን ልጄ ነው ያመጣልኝ” እየተባለ ይጠጣል።

ስለ አያትህ ማንም አለማንሣቱ ገርሞኛል። በእርሷ ዕድሜ ላለ ሰው ልብስም ምግብም ብዙ አያስፈልገውም፤ ያለውንም አይጨርሰውም። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከሚሸጡት ላይ አንድ እስር ጧፍና ጥሩ ዕጣን ግዛላት። እኛ አሮጌዎቹ እንቁጣጣሽ ከማለት ይልቅ ዮሐንስ እንላለን፤ በዮሐንስ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይዞ መሄድ ለእርሷ ከምንም ይበልጣል። ዋጋውም ያንተን ኪስ አይጎዳም። ዕጣኑን ስትገዛ ፍሬው ነጣ ያለውንና ከአፈር የጸዳውን ምረጥ፤ ዱቄቱ የበዛበት ጢሱ ይከረፍሳል። መቁረብ የምትችል ከሆነች ደግሞ ነጠላዋን አይተህ ያረጀ እንደሆነ ለሚቀጥለው በዓል አስብላት።

የጠባሴ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እናቴ ሆይ፣ ለእርስዎ ደግሞ በተለይ። ዶሮውን፣ ዘይቱንና ጋቢውን ሰርዣለሁ። ነገ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከቢሮ ወጥቼ በቅድሚያ መርካቶ ለቡናው፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ ለነጠላው እሄዳለሁ፤ ጧፍና ዕጣኑን በዚያው መንገድ ላይ ከማገኘው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እገዛለሁ። ይህ ሁሉ ከተገዛ በኋላ ከ700 እስከ 900 ብር ይተርፈኛል ብዬ ገምቻለሁ። አሁን ያልተፈታልኝ የአባቴና የሁለቱ ልጆች ነገር ነው። አባቴ መጻሕፍት ይወድ ነበር፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ራዲዮ በማዳመጥ ነው። ለልጆቹ ልብስ መግዛት እንደማልችል ተረድቻለሁ፤ ነገር ግን ከረሜላ ብቻ ይዤ መሄድ ከበደኝ።

ከሰሌዳው ፊት

እኔም እንደ አባትዎ መምህር ነኝና ይህንን ክፍል ልውሰደው። ለአዲስ ዓመት ለአባት የሚሰጥ፣ ዋጋውም ትንሽ የሆነ ነገር የ2017 የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነው። የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በየወሩ የታተሙበትን፣ ፊደሉም ጎላ ያለውን ይምረጡ፤ ዓይናቸው ደክሟል ብለዋልና ደቃቁን አይግዙ። መጪው ዓመት ዘመነ ማቴዎስ ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ይውላል፤ መስቀል ደግሞ ዓርብ ነው። በእርሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ይህን ሁሉ በራሱ ባሕረ ሐሳብ ማስላት ቢችልም ቀን መቁጠሪያው ላይ አመሳክሮ “ልክ ነኝ” ማለት ያስደስተዋል፤ የኔ አባት ስህተት ያገኘ ጊዜ የበለጠ ይደሰት ነበር። ከዚህ ጋር ለራዲዮናቸው የሚሆን ባትሪ ድንጋይ ይጨምሩ። ትልቁን ይጠቀም እንደሆነ ወይም ትንሹን፣ ስንት እንደሚወስድም ዛሬ ማታ ለእህትዎ ደውለው ያጣሩ፤ በግምት የተገዛ ባትሪ አይገጥምም።

ለልጆቹ የሚሆነው ደግሞ ከለርና ነጭ ወረቀት ነው። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ሴቶቹ አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ ሲሉ ወንዶቹ የሣሉትን ሥዕል ለዘመድና ለጎረቤት እያደሉ ሳንቲም ይቀበላሉ። አሁን አሁን የታተመውን ከሱቅ ገዝተው የሚያድሉ ልጆች በዝተዋል፤ ወላጅ ለአንዱ ልጅ የሚያወጣው ገንዘብም ቀላል አይደለም። እርስዎ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከደረሱ ግን ልጁ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የራሱን ሊሥል ይችላል፤ አባትዎም አጠገቡ ተቀምጠው እንደሚያርሙት አልጠራጠርም። ትንሿም ብትሆን ቀለም መቀባት ትችላለች። ከለሩ ከበዓሉ በኋላ ለትምህርት ቤት ያገለግላል፤ ስለዚህ ለእህትዎም ወጪ ቀነሱላት ማለት ነው። መርካቶ ለቡናው መሄድዎ ካልቀረ ደብተሩንና ከለሩን እዚያው ከጅምላ ሻጮች ይግዙ፤ ደብተር በደርዘን ሲገዛ ከሰፈር ሱቅ ይረክሳል፤ ግማሹን ለራስዎ ልጅ አስቀርተው ግማሹን ለእህትዎ ልጆች ይውሰዱ። የከለሩን ካርቶን ግን ከፍተው አንዱን ወረቀት ላይ ይሞክሩት፤ የሰም እንጂ የቀለም ሽታ የሌለው፣ ሲጫኑት ብቻ የሚጽፍ ዓይነት ገበያውን ሞልቶታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥዕል ይዘው የሚመጡት የእህትዎ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ የጎረቤት ልጆችም በር ያንኳኳሉ። ከተረፈው ገንዘብ የተወሰነውን በ10 ብር ኖቶች ዘርዝረው ይያዙ፤ በዋዜማው ዝርዝር አይገኝም።

የላምበረት ተሳፋሪ

ስለ ዕቃው ብዙ ተብሏል፤ እኔ ስለ ጉዞው ልናገር፤ ምክንያቱም የተቆጠበው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው መናኸሪያ ላይ ነው። የደብረ ብርሃን መኪና ከላምበረት መናኸሪያ ይነሣል። ጳጉሜን 5 የዋዜማ ቀን ስለሆነ ከነጋ በኋላ የደረሰ ሰው ረጅም ሰልፍ ይጠብቀዋል፤ ሰልፉ የሰለቸው ደግሞ ከመናኸሪያው ውጪ ቆመው ከታሪፍ በላይ በሚጠይቁ መኪኖች ይሳፈራል፤ ያኔ የቡናው ቁጠባ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያው በር ላይ ቢገኙ መልካም ነው፤ ትኬቱን ውስጥ ገብተው ይቁረጡ፤ ታሪፉ ተለጥፎ ካዩት ፎቶ ያንሡት።

ዕቃውን በአንድ መካከለኛ ቦርሳ ጠቅልለው እግርዎ ሥር ቢይዙት ይሻላል፤ ጣራ ላይ ለሚጫን ዕቃ ተጨማሪ ገንዘብ ይጠየቃል፤ የጳጉሜን ዝናብም አይታመንም፤ ጣርማ በር አካባቢ ባይደርሱም ከሸኖ በኋላ ያለው ጭጋግ ሸራ የለበሰውን ጭምር ያረጥባል። ነጠላውን በላስቲክ ለብቻው ይጠቅልሉት። ጥሬ ቡና ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል፤ ከዕጣኑ ጋር በአንድ ከረጢት ካስቀመጡት እናትዎ ረቡዕ ጠዋት ሲቆሉት ቤቱ ቅዳሴ ቤት ይሸታል። ዕጣኑን ከደብተሮቹ ጋር ያድርጉት፤ ልጆቹ አይከፋቸውም።